አዱሊስ የት ገባች? ከዓለም ገና ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄውን የላኩልኝ ዓለም ገና የሚኖሩ እናት ናቸው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «የ9ኛ ክፍል ልጄ የታሪክ ትምህርቱን እያጠና፣ አዱሊስ የምትባል ትልቅ ወደብ ነበረች፤ አሁን የት አለች? ለምን ጠፋች? ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁለት። በዚያው ሰሞን ለሰርቪስ ቤት መሠረት ስናስቆፍር ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይና ገል ወጣ። ቀን ሠራተኞቹ ከአፈሩ ጋር ሊደፉት ሲሉ ልጄ ቅርስ ሊሆን ይችላል ብሎ አስቆማቸው። ጎረቤት ሁሉ ‘ገል ደግሞ ምን ቅርስ ይሆናል’ ይላል። እውነት ዋጋ አለው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ልጅዎን ያመስግኑልኝ። ሁለቱ ጥያቄዎች ለየቅል ይመስላሉ። ለእኔ ግን አንድ ናቸው፤ ስጨርስ ለምን እንደሆነ ይገባዎታል። ሙያዬ አርኪዮሎጂ ነው። የምኖረውም ከእርስዎ ብዙ ሳልርቅ፣ ጀሞ ነው። ከዚህ በታች ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ መጨረሻ ላይ የምጠቅሰውን የቅርስ አዋጅ ቁጥር ብቻ በእኛ።

አዱሊስ ያለችው በዛሬዋ ኤርትራ ነው። ከምጽዋ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የዙላ ባሕረ ሰላጤ ይገኛል። ፍርስራሹ ዙላና አፍታ ከሚባሉት መንደሮች አጠገብ ነው። ልጅዎ ካርታ ላይ ፈልጎ ቢያጣት አይገርምም፤ ብዙ ሰው ባሕሩ ዳር ነው የሚፈልጋት። ወደብ ሲባል መርከብ ከግንቡ ተጠግቶ ይታየናል። አዱሊስ ግን ባሕር ዳር አልነበረችም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ስሙን ያልነገረን ነጋዴ የቀይ ባሕርን ወደቦች አንድ በአንድ በግሪክኛ ጽፎ አስቀምጧል። ስለ አዱሊስ ሲናገር ከባሕሩ 20 ስታዲያ ትርቃለች ይላል። ይህ ከ3 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው መንገድ። መርከብ የሚቆመው ሌላ ቦታ ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያ መቆሚያ ጋበዛ ይባል ነበር። ከተማዋ ውስጥ የነበሩት ነጋዴው፣ መጋዘኑ፣ ቀራጩና በኋላም ቤተ ክርስቲያኑ ናቸው።

ይኸው ነጋዴ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ ይዘረዝራል። ከእኛ በኩል የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ቅርፊት ነው። የሚገባው በግብፅ የተሠራ ጨርቅ፣ ብርጭቆ፣ ናስ፣ መጥረቢያ፣ ሰይፍ፣ የመዳብ ዋንጫ፣ የጣሊያን ወይን ጠጅና የወይራ ዘይት ነው። ከህንድ ደግሞ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ይመጣል። ለውጭ አገር ሰዎች መገበያያ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ይገባ ነበር። በዚያው ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒ የጉማሬ ቆዳ፣ ዝንጀሮና ባሮችም ከዚያ ይወጡ እንደነበር ጽፏል። ይህን የመጨረሻውን ዘሎ ማለፍ ደስ ይል ነበር። ግን የአዱሊስ ሀብት ሰውን ከመሸጥም የመጣ ነው፤ ልጅዎ ይህንንም ይወቅ።

ነጋዴው የአገሩን ንጉሥ ዞስካሌስ ይለዋል። ገንዘብ ላይ ጠንቃቃ፣ በሌላው ነገር ግን ጨዋና ግሪክኛ ማንበብ የሚችል ሰው ነው ይላል። እዚያው ላይ እርስዎን የሚመለከት አንድ ነገርም አለ። ከአዱሊስ 800 ስታዲያ ያህል ርቆ አሸዋ የበዛበት ሌላ ባሕረ ሰላጤ አለ፤ ጥቁሩ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው ብሎ ጽፏል። ድንጋዩ የኛ ባልጩት ነው። «እዚያ ብቻ» ባለው ግን ተሳስቷል። ወደ ደጋው ስላልወጣ ያላየው ብዙ ነገር ነበር። እርስዎ ሰርቪስ ልሥራ ብለው ያስቆፈሩበት አገር ባልጩት የሞላበት ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አዱሊስን አዱሊስ ያደረጋት ባሕሩ ሳይሆን ከኋላዋ ያለው ደጋ ነው ብዬ አምናለሁ። ጥሩ የመርከብ መቆሚያ በቀይ ባሕር ላይ ብዙ አለ። ከጀርባው የሦስት ቀን መንገድ ተጉዘው ቆሎኤ የምትባል የዝሆን ጥርስ ገበያ፣ ከዚያ ሌላ አምስት ቀን ተጉዘው አክሱም የሚያደርስ መንገድ ያለው ግን ጥቂት ነው። መንገዱ ላይ የተገኘው ነገር ራሱ ይመሰክራል። መጠራ በምትባለው ጥንታዊ ከተማ ላይ 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች ከሌላ የወርቅ ጌጥ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ተቀብረው ተገኝተዋል። ደብረ ዳሞ ላይ ደግሞ በ1940 ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲም ተገኘ። ያስወጡት በሰሜን ህንድና በአፍጋኒስታን በኩል ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ናቸው። በገመድ የሚወጣበት አምባ ላይ የህንድ ወርቅ! ከባሕር ወጥቶ እዚያ ተራራ ላይ የደረሰበትን መንገድ ባሰብኩ ቁጥር ይደንቀኛል።

ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ወርቅ ነበር። ይህን የነገረን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አዱሊስ መጥቶ ነበር፤ በኋላ መነኩሴ ሆኖ ያየውንና የሰማውን ጽፏል። እንደ እሱ አነጋገር የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል በየሁለት ዓመቱ ሰዎቹን ወደ ሳሱ አገር ይልካል። ነጋዴዎችም አብረው ይሄዳሉ፤ ሁሉም ሲደመሩ ከ500 ይበልጣሉ። ከብት፣ ጨውና ብረት ይዘው ነው የሚሄዱት። ሲደርሱ እሾህ ከምረው አጥር ይሠራሉ። ከብቱን አርደው ሥጋውን፣ ጨውና ብረቱንም እሾሁ ላይ ያደርጋሉ። ያገሬው ሰው መጥቶ ከፈለገው ዕቃ ላይ የወርቅ እንክብል አስቀምጦ ዞር ይላል። ባለ ዕቃው መጥቶ ያያል። ከበቃው ወርቁን ያነሳል፤ ካልበቃው ይተወዋል። ያኛው ይጨምራል ወይም ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ ስለማይግባቡ ቃል ሳይለዋወጡ ይገበያያሉ። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ይፈጃል። ሲሄዱ ከብት ስለሚነዱ ቀስ ይላሉ፤ ሲመለሱ ክረምቱ ገብቶ ወንዝ ሳይሞላባቸው ይሮጣሉ። አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ እስከ አያቶቻችን ዘመን የቆየበት አገር ሰው ለሆነ ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

ኮስማስ ያደረገልን ትልቁ ውለታ ግን ሌላ ነው። በከተማዋ ምዕራብ በኩል፣ ወደ አክሱም በሚወስደው መንገድ መግቢያ፣ የእብነ በረድ ዙፋን ነበረ። ከኋላው ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ቆሟል። ጊዜው አጼ ካሌብ ባሕር ተሻግረው የመን ወደነበረው የሂምያር መንግሥት ለመዝመት የሚዘጋጁበት ነበር። ንጉሡ ጽሑፉ ተገልብጦ እንዲላክላቸው ለአዱሊሱ ገዥ ለአስባስ አዘዙ። አስባስ ኮስማስንና ሜናስ የሚባል ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱ ሄደው ገለበጡት። አንዱን ቅጂ ለገዥው ሰጡ፤ ሌላውን ለራሳቸው አስቀሩ።

ድንጋዩ ላይ የነበረው የግብፁ ንጉሥ የሦስተኛው በጥሊሞስ ጽሑፍ ነው። ይህ ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠ ነው፤ ከዚህ አካባቢ ስላስመጣቸው የጦርነት ዝሆኖች ይናገራል። ዙፋኑ ላይ የነበረው ደግሞ የአንድ የአክሱም ንጉሥ የዘመቻ ታሪክ ነው። ዛሬ ዙፋኑም ድንጋዩም የሉም። ስንት ሰው ቆፈረ፤ አልተገኙም። የቀረልን ወረቀት ላይ የሰፈረው ቅጂ ብቻ ነው። ቅርስ ጥበቃ ሲባል ብዙ ሰው አጥርና የቲኬት መቁረጫ ነው የሚታየው። እኔ ተማሪዎቼን የማስጀምረው ከአስባስ ትእዛዝ ነው። ድንጋዩ ሊጠፋ ይችላል፤ በጊዜው በደንብ የተመዘገበ ነገር ግን ይተርፋል።

ታዲያ ለምን ጠፋች? አንድ ምክንያት ብቻ ለሚሰጥዎ ሰው አይመኑ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ፋርሶች የመንን ያዙ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የቀይ ባሕር ንግድ ጌቶች ተለወጡ። አክሱም ራሷ ተዳከመች፤ ሳንቲም ማተሟንም አቆመች። ከፍርስራሹ አንዳንድ ክፍል የቃጠሎ ምልክት ወጥቷል፤ ከዚህ ተነሥተው ከተማዋ ተወርራ ጠፋች የሚሉ አሉ። ሌሎች ጎርፍን ያነሳሉ። እውነት ነው፣ ሀዳስ የሚባለው ወንዝ ከደጋው ደለል እየጠረገ ሜዳው ላይ ይዘረግፋል፤ ዛሬ ግንቦቹን የሸፈነውም ያ ደለል ነው። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ጎርፉ ከተማዋ በደመቀችበት ዘመንም ነበረ። ያኔ ግን ጠዋት ተነስቶ ከደጁ ደለል የሚዝቅ ሰው ነበራት። ደንበኛው ሲቀር ነጋዴው ሄደ፤ ነጋዴው ሲሄድ ደለሉን የሚዝቅ ጠፋ። የንግዱን ቦታ በኋላ ዳህላክና ምጽዋ ወሰዱት። ከፍርስራሹ ከፊሉ ቆይቶ የሙስሊሞች መቃብር ሆኗል። ስሟን ግን ያገሬው ሰው ጨርሶ አልጣለውም። «ዙላ» ሲባል አዱሊስ እንደምትሰማ ብዙ አጥኚዎች ያምናሉ።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ቦታው አዱሊስ መሆኑን የለየው በ1810 ነው። ከዚያ 1868 መጣ። ይህን ዓመት በመቅደላ ነው የምናውቀው። የናፒየር ጦር ከመርከብ የወረደው እዚሁ ዙላ ላይ ነው። ጊዜያዊ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፤ ከህንድ 44 ዝሆኖች አወረደ። በጥሊሞስ ለጦርነት ዝሆን ያስጫነበት ባሕር ዳር ከ2000 ዓመት በኋላ የጦርነት ዝሆን ወረደበት። ወታደሮቹ ጎን ለጎን ፍርስራሹን ቆፍረው አንድ ቤተ ክርስቲያን አገኙ። የተቀረጹት እብነ በረዶች ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

ከዚያ በ1906 ስዊድናዊው ሱንድስትሮም፣ በ1907 ጣሊያናዊው ፓሪቤኒ፣ በ1961 እና 62 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ቆፈሩ። በ2004 እና 2005 የኤርትራና የእንግሊዝ ባለሙያዎች አካባቢውን አጠኑ። ከ2011 ወዲህ ደግሞ የኤርትራና የጣሊያን ባለሙያዎች አብረው ይሠራሉ። ከቅርቦቹ ውጤቶች የምወደው ሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተሠራው ነው። አንደኛው ትልቅ ነው፤ መጠመቂያም አለው። ትንሹ ግን ዓምዶቹ ክብ ሠርተው ነው የቆሙት፤ ጉልላት ተሸክመው ሳይሆን አይቀርም። መቅደሱን ከሚለዩት የእብነ በረድ ሰሌዳዎች መካከል ከማርማራ ባሕር፣ ከቁስጥንጥንያ ደጃፍ፣ ተጠርበው የመጡ አሉ። ግንቡ ግን በአክሱም ወግ ገባ ወጣ እያለ የተሠራ ነው። ሰሌዳውን ከሩቅ አስመጥተው ቤቱን በራሳቸው እጅ አቆሙት።

አሁን ወደ ገሉ። ጎረቤትዎ ገል ምን ይሠራል ብለዋል አይደል? ልንገርዎት። አክሱም፣ መጠራና አዱሊስ ላይ አንድ ዓይነት ገል ሲወጣ ኖሯል። ሾጠጥ ያለ፣ ሁለት እጀታ ያለው የዕቃ መጫኛ እንስራ ስብርባሪ ነው። ከየት እንደመጣ አይታወቅም ነበር። በኋላ ዮርዳኖስ በምትባለው አገር ውስጥ፣ አቀባ ላይ፣ እንስራው የሚተኮስበት ምድጃ ተገኘ። በ1990ዎቹ ደግሞ ከዳህላክ ደሴቶች አካባቢ፣ ጥቁር አሳርካ በምትባል ደሴት አጠገብ፣ እነዚህኑ እንስራዎች እንደጫነ የሰጠመ መርከብ ተጠና። ምድጃው፣ መርከቡ፣ ወደቡ፣ ከተማው። አንድ ሙሉ የንግድ መስመር የተሰፋው በገል ነው። ወርቅ ቢሆን ሰው ያነሳዋል፣ ያቀልጠዋል፣ ይሸጠዋል። ገልን ማንም አይሰርቅም፤ ስለዚህ ከወደቀበት ሳይነሳ ይቆያል። ለእኛ ዋጋው ያ ነው፤ ከወደቀበት አለመነሳቱ።

አንዴ አንድ ሰው ከመሠረት ቁፋሮ የወጣ ገል በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ አመጣልኝ። አጥቦና ጠርጎ ነው ያመጣው፤ ልቡ ንጹሕ ነበር። ከየትኛው ጥልቀት ወጣ? አላስታወሰም። ከምን ጋር? አመድ ነበረው? አጥንት ነበረው? ጉድጓዱ በኮንክሪት ተሞልቷል። እየደጋገምኩ አገላብጬ አየሁት። ሸክላ መሆኑን ብቻ ነው የነገረኝ።

አዱሊስ ላይም ዛሬ ትልቁ ትግል ይኸው ነው። ግንቡ ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተሠራ ነው። ደለል ውስጥ እያለ ሺህ ዓመት ይቆያል። ተገልጦ ከተተወ ዝናብ ጭቃውን ያጥበዋል፣ ፍየል ይረግጠዋል። ባሕር ቅርብ ስለሆነ ጨው ያለበት እርጥበት ድንጋዩና ልስኑ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይጋገርና ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ጥሩ ቆፋሪ ለክቶ፣ ስሎ፣ ፎቶ አንስቶ ሲያበቃ ብዙውን መልሶ በአፈር ይሸፍነዋል። ጎብኚ ሲያየው ይከፋዋል፤ ምንም አልቆፈሩም እንዴ ይላል። እኔ ግን የተሸፈነ ግንብ ሳይ ነው እፎይ የምለው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የአዱሊስ ስም በዚህ ዘመን የሚነሳው በአብዛኛው የማን ነች በሚል ክርክር ነው። ፍርስራሹ ኤርትራ ውስጥ ነው፤ የሚጠብቁትም እዚያ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለልጆቻችን የአክሱምን መንገድ ስናስተምር እስከ ባሕሩ ድረስ ማስተማር አለብን። ያንን ለማድረግ ግን ከማንም ጋር መጣላት አያስፈልግም።

የእርስዎ ግቢ ይቀራል። ባልጩት እሳተ ገሞራ የተፋው ብርጭቆ ነው፤ በራሱም ሊሰበር ይችላል። ሰው ሆን ብሎ የመታው ከሆነ የተመታበት ጠርዝ ሥር ትንሽ እብጠት ይኖራል። ከዚያ ጠጠር የተጣለበት ኩሬ እንደሚሠራው ክብ ክብ ሞገድ ይወጣዋል። ጠርዙ ላይ ደቃቅ ጭረትና ሽርፍራፊ በተርታ ካለ ተሠርቶበት ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን ግን ድንጋዩን ብቻ አይቶ መናገር አይቻልም። በባልጩት ቆዳ መፋቅም ጸጉር መላጨትም በአገራችን ብዙም ያልራቀ ነገር ነው። ገሉም የቅርብ ዘመን ጋን ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ያሉበት ቦታ ተራ አይደለም። የቡታጅራን መንገድ ይዘው ወደ ደቡብ ቢነዱ መልካ ቁንጥሬን ያገኛሉ፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሰዎች አዋሽ ዳር ከሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምረው ባልጩት ይጠርቡ ነበር። 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የሕፃናት የእግር ዱካ የተገኘውም እዚያ ነው። ድንጋዩ የሚመጣበት አጠገቡ ያለው ቦታ ስሙም ባልጪት ነው። ሁለቱም በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። ቦታው ላይ ሙዚየም አለ። ልጅዎን አንድ ቅዳሜ ይዘውት ይሂዱ።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቤት ሲሠራም ሆነ መንገድ ሲወጣ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ሪፖርት ማድረግና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው መጠበቅ አለበት። የሚመለከተው የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ነው። መጀመሪያ በአካባቢዎ ያለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ ይቀርብዎታል። ብዙ ሰው ግንባታዬን ያስቆሙብኛል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ብድር ወስዶ፣ ሲሚንቶ ገዝቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ የተቀመጠ ሰው ነው። ቢሆንም ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ይናገሩ።

እስከዚያ የተነሳውን አይጠቡት። ገና መሬት ውስጥ ያለውን አይንኩት። ጉድጓዱን በሸራ ይሸፍኑት፤ ዝናብ እንዳይገባበት። ልጅዎ ሜትር ይዞ ከግቢው በር እስከ ጉድጓዱ ያለውን ርቀት ይለካ። ገሉ ከመሬት በላይኛው ገጽ ስንት ሳንቲ ሜትር ገብቶ እንደተገኘ፣ አፈሩ ጥቁር ይሁን ቀይ፣ አመድ ይኑረው አይኑረው ይጻፍ። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ አድርጎ ፎቶ ያንሳ። የግቢውን ንድፍ በደብተሩ ላይ ይሳልና ቀኑን ይጻፍበት። ሁለት ቅጂ ያዘጋጅ። አንዱን ለጽሕፈት ቤቱ ይስጥ፤ አንዱን እንደ ኮስማስ ለራሱ ያስቀር።